ውሃ ልክ ያቃናው ሳንቃ

አናጢው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ተርፏል። የቆሙበትን ርብራብ የሠራው ሰው አንዱን ጫፍ በእንጨት፣ ሌላውን በድንጋይ ደግፎት ስለነበር ሳንቃው ሁለት ጣት ያህል ዘመም ብሎ ነበር። በዚያ ላይ ዝናብ አርሶታል። አብረውት የወደቁት ሁለት ሰዎች ሞቱ። እሱ ሰባት ወር በጀርባው ተኝቶ ኮርኒስ ሲያይ ከረመ፤ ኮርኒሱም ዘማማ ነበር።

ከአልጋ እንደተነሣ መጀመሪያ የገዛው ዕቃ ውሃ ልክ ነው፤ ያችን በሆዷ ፈሳሽና አረፋ የያዘች፣ ከፍታና ዝቅታን የምትናገር መሣሪያ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ ከቤት አይወጣም። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል እየተባለ ይወራል፤ ወሬው እውነት ነው። የእናት የአባቱ ስም ቀርቶ እሱም ውሃ ልክ ተባለ። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ሲጣሉ፣ «ውሃ ልክ ይምጣ!» ይላሉ። እሱ ዘመመ ካለ ዘመመ ነው፤ ይግባኝ የለም። በር የሚያሠራው፣ ጣሪያ የሚያስመታው ሁሉ የሚፈልገው በዚሁ ስሙ ነበር።

አምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ አስጠሩት። በሳንቃ ገበታ ላይ የተሣለውን ትልቁን ስቅለት ከታች በኩል ምስጥ በልቶት ነበር። ውሃ ልክ የተበላውን ከኋላ በአዲስ እንጨት ተካ፤ ከፊት የተቦረቦረውን በኮላና በሰጋቱራ ደፈነ። ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ጣጣው የመጣው ሊጨርስ ሲል ነው። ከክርስቶስ እግር ሥር የተሣለችው መርገጫ ሳንቃ ዘምማለች፤ አንዱ ጫፏ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ምስጥ አዛብቷት ይሆናል፣ አለበለዚያም ሠዓሊው እጁ ስቶ ይሆናል አለ በልቡ። ዘማማ ሳንቃ አይቶ ማለፍ ደግሞ ከቶ አይሆንለትም። የተረፈችውን ደፈናትና በላይዋ በቡናማ ቀለም ለጥ ያለች መርገጫ ሣለ። በመሣሪያው ለካት፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ለማንም አልተናገረም።

ልብ ያለውም አልነበረም። እንዲያውም የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ከዓመት በኋላ ሥዕሉን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይቺን መርገጫ ተመልከቱ፤ ለጥ ያለችው ፈራጁ ለቀኙም ለግራውም ስለማያዳላ ነው» ብለው አስተማሩ። ሕዝቡ ወደደው። ሰባኪውም በየጊዜው ደገሙት። ውሃ ልክ የኋላ መቀመጫ ላይ ሆኖ ጫማውን ያያል።

ስምንት ዓመት አለፈ። አንዲት ሥዕል አዳሽ ሥዕሎቹን እንድታጸዳ ተላከች። ከጀርባ የሚያጠብቅላት አናጢ ስለፈለገች ሰባኪው ውሃ ልክን አመጡላት። ሦስት ሳምንት አብረው ሠሩ። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከመሰላሉ ወርዳ ወደ በሩ ራቅ አለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«አባባ፣ እስቲ እኔ ጋ ይምጡ። ምን ይታይዎታል?»

«ስቅለት ነዋ፣ ልጄ።»

«እሱማ ስቅለት ነው። ዐይንዎ በየት በኩል ይገባል? የኔ በዚህ በወታደሩ ጦር ነው የሚገባው። በዘንጉ ሽቅብ እወጣለሁ፣ የጌታ እግር ጋ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ገደል! ወዲያ ማዶ ደግሞ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አንገቱን አቀርቅሮ ወደዚህ ያያል፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ማንም አይደርስለትም። ይሄ ሠዓሊ እጄን ይዞ ሲመራኝ መጥቶ እዚህ ጋ ለቀቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይደለም እኮ።»

ውሃ ልክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደክሞት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። «ለማንኛውም ነገ ቫርኒሹን እቀባለሁ። ከዚያ በኋላ በኔ ዕድሜ የሚነካው የለም።»

እቤቱ ሲገባ ራት ቀረበለት፤ አልበላም። ሚስቱ ስታፋጥጠው ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ማን ሣል አለህ?»

«ዘምማ ነበር አልኩሽ!»

«እሷስ ዘምማ ነበር። አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ከተናገርኩ መሣቂያ ነኝ። ማን በር ያሠራኛል?»

«ዝም ካልክስ?»

«ዝም ካልኩ... ይታሸጋል።»

«እንግዲህ ምረጥ» አለችና ሳህኑን አነሣች። «ካፈርኩ አይመልሰኝ ካልክ ደግሞ የራስህ ጉዳይ ነው።»

በማግሥቱ ማለዳ ሲደርስ የቫርኒሹ ጣሳ ተከፍቷል። ሰባኪውም የመጨረሻውን ቅብ ሊያዩ መጥተው ቆመዋል። ውሃ ልክ ኮፍያውን አወለቀ።

«ልጄ፣ አትቅቢው። መርገጫዋን የሣልኳት እኔ ነኝ። የፊተኛዋ ከሥር አለች፤ ዘምማ ስለነበር አቃናኋት።»

ሥዕል አዳሿ ብሩሿን አስቀመጠች። ሰባኪው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እንዴ! ሰባት ዓመት ሙሉ ሰበክሁባት እኮ!»

«ስብከቱ እንከን የለውም፣ መምህር። እንከኑ ሳንቃው ላይ ነው።»

«ሕዝቡ ለምዷታል። ብትተውስ?»

«የሰው ሥራ ነው፣ መምህር» አለ ውሃ ልክ። «መፋቂያውን ስጪኝ፣ የደፈንኩትን እኔው ልፋቀው።»

«የለም፣ አባባ» አለች ልጅቷ። «የርስዎ እጅ ለእንጨት ነው። መብራቱን ይያዙልኝ።»

በጥጥና በቀጭን ስለት እስከ ቀትር ለፋች። የፊተኛዋ መርገጫ ግማሽ አካሏን ምስጥ ቢበላትም ወጣች። ከፍ ያለው ጫፏ ወደ ቀኙ ወንበዴ፣ ዝቅ ያለው በግራ ወደተሰቀለው ተሳዳቢ ነው። የወታደሩ ጦር፣ መርገጫዋና የቀኙ ወንበዴ ፊት በአንድ መሥመር ተያያዙ።

«ሚዛን ናት» አለች ልጅቷ። «ማን ከፍ እንዳለ፣ ማን እንደወረደ ትናገራለች። ደግሞ ድልድይ ናት፤ እኛንም ‹አስበኝ› ብሎ ወደ ለመነው ሰው ታሻግረናለች።»

ውሃ ልክ መብራቱን ወደ መርገጫዋ አስጠጋ። «ግን ልጄ፣ ዘማማ ሳንቃ ላይ ማን ይቆማል?» አለ።

«እሱ መቼ ቆመ?» አለችው። «ተሰቅሏል እኮ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተጠበቀ ነው። ሰባኪው በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን ራሳቸው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ጥሩ ስብከትም ወጣው። ሰፈሩ ለአንድ ዓመት ያህል፣ «ውሃ ልክ ራሱ ዘመመ!» እያለ ሲሥቅ ከረመ። ሁለት ደንበኞች ሌላ አናጢ ያዙ፤ አንደኛው ተመለሰ፣ ሌላው ቀረ። የአጥር ጠበኞች ግን መጥራታቸውን አላቆሙም።

ሰባ አራት ዓመት ሲሆነው ሴት ልጁ፣ «አባዬ፣ ከሠራኸው ሁሉ ትልቁ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችው። በሮችን ይቆጥራል ብላ ነበር።

«የሠራሁትን ተይው» አለ። «ያ የስቅለቱ ሠዓሊ ያኔ መርገጫዋን ሳቃና በሕይወት ነበረ። ከሰፈራችን ድልድይ ማዶ ነበር ቤቱ፤ በእግር አሥር ደቂቃ። አንኳኩቼ ‹ጌታው፣ ይቺ መርገጫ ለምን ዘመመች?› ብለው ኖሮ አስቀምጦ ያጫውተኝ ነበር። ጨዋ ሰው ነበር ይሉታል። ከሁሉም የሚበልጠው ያ ነበር፤ ሄዶ ሰውዬውን መጠየቅ።»