ትርፍ ነው ብዬ የቆረጥኩት ሽቦ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ለንደን፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ... ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ከማዘጋጃ ቤቱ በተከራየኋት የካውንስል ቤቴ፣ በአንድ እጄ የኤሌክትሪክ መጋዝ እንደያዝኩ በሌላው የማሞቂያውን ብረት ተደገፍኩ።

ከዚያ የማስታውሰው «እመብርሃን!» ብዬ መጮኼን ብቻ ነው። ራሴን ያገኘሁት ግድግዳው ሥር ተዘርሬ ነው።

አዲስ አበባ አናጢ ነበርኩ፤ ለንደን ስመጣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ጠራጊ ሆንኩ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ «ባይ» ካልኩ በኋላ እስከ ሰኞ አፌ ለምግብ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ዝምታው ሲበዛብኝ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገለገለ መጋዝ ገዛሁ። መላ አካሉ ብረት ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ፕላግ የለውም። ያኔ እዚህ አገር ብዙ ዕቃ ያለ ፕላግ ነበር የሚሸጠው፤ ገዝተህ ራስህ ትገጥማለህ።

ገመዱን ስልጠው ሦስት ሽቦ ወጣ። እኛ ሰፈር የምናውቀው ሁለት ሽቦ ነው፤ በሁለት ሽቦ ስንት በርና መስኮት ሠርቻለሁ! አረንጓዴና ቢጫውን «ፈረንጅ መቼም ትርፍ ይወዳል» ብዬ ቆረጥኩት። ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩት ሁሉ... አናጢ ንጹሕ ሥራ ይወዳል።

መጋዙ ሲነሳ እጄን ውርር ያደርገኝ ነበር። እውነቱን ልናገር... ቅር አላለኝም። ለወራት የጨበጠኝ ሰው አልነበረም፤ እሱ እንኳ ነካ ያደርገኛል እል ነበር።

እንደተዘረርኩ በሩ ተንኳኳ። ተነስቼ ከፈትኩ። ከታች ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ጋሽ ተኽለ መሆኑን እንኳ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ስምንት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ «ሃሎ» ተባብለን ነበር የምንተላለፈው። ያኔ ሐበሻ ሐበሻን ይፈራ ነበር።

«እመብርሃንን ስትጠራ ሰማሁ። ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

መጋዙን አሳየኋቸው። ለካ አስመራ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። መጀመሪያ ከግድግዳው ነቀሉት፤ ከዚያ ፕላጉን ፈቱ። የጠቀለልኩትን ጫፍ በጣታቸው ይዘው አሳዩኝ።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ። ትርፍ መስሎኝ...»

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የመሬት ሽቦ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል ወደ መሬት ይሄድና ፊውዙን ያቃጥላል። አንተ መንገዱን ዘጋህበት፣ እሱም በአንተ በኩል ሄደ።»

ቀና ብለው ክፍሉን ቃኙ። አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ።

«ሞተህ ቢሆን መቼ ትገኝ ነበር?»

አሰብኩ። «ሰኞ ከሥራ ስቀር ይደውላሉ... ማክሰኞ ምናልባት።»

እሳቸውም ትንሽ አሰቡ። «አንተስ ደህና ነህ» አሉ። «እኔ ሥራ የለኝም።»



በማግስቱ መጥተው የተላጠውን ሽቦ ጠገኑ፤ አዲስ ገመድ ከነሦስት ሽቦው አስገቡለት። ከዚያ ሕግ አወጡ። «ልትጀምር ስትል የማሞቂያውን ቧንቧ ሁለቴ ምታ፤ እኔም ከታች እመልሳለሁ። ስትጨርስም እንዲሁ። ካልመታህ እወጣለሁ፤ ካልመለስኩልህ ደግሞ ትወርዳለህ።» ቁልፍ ተለዋወጥን። ለንደን ከገባሁ ቁልፌን ለሰው ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ጀመር። ኳ ኳ... ከታች ኳ ኳ። እሷን ሰምቼ ነው ሥራ የምጀምረው።

አንድ ቅዳሜ እንጨት አለቀብኝ። ምን ላድርግ... ቧንቧውን መታሁና መጋዙን ባዶውን አስነሳሁት። አንድ ሰዓት ያህል እያበራሁ እያጠፋሁ አስጮህኩት፤ ከዚያ «ጨረስኩ» ብዬ መታሁ። መለሱልኝ።

ሰኞ ደረጃ ላይ ተገናኘን።

«ቅዳሜ መጋዙ እንጨት አልነካም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«የሞተር ድምፅ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ባዶውን ነበር የሚዞረው።»

አፈርኩ። መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ይዘው «ከእንግዲህ ማሽኑን በከንቱ አታድክመው» አሉ። «ቧንቧውን ብቻ ምታ... እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እጠብቃለሁ።»

እስከዚያ ድረስ ግን ሰባት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቼ ነበር... መጽሐፌ ሁለት!