ጋሽ ክሬም ስኳር አልጠጣም ያለ ዕለት

ሰፈሩ «ጋሽ ክሬም» ይለዋል። ጎልማሳነቱን ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ሲሠራ የፈጀ ሰው ነው። ስኳር በሽታ እንዳለበት ድሮም ያውቃል፤ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ሲያስታውሰው ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ልቡን ድንገት ይዞት ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወጋል፣ ደሙን ይለካል፣ ጠዋት ጠዋት ቀስ እያለ ይራመዳል። ብቻ ፍርሃቱ ልክ አጣ፤ ከጣፋጭ መሸሹ ሳያንስ ምግብን ሁሉ ይጠረጥር ጀመር።

ሐኪሙ «እስቲ ግማሽ ቀን ሠርተህ ሞክረው» ብሎት ሥራ የተመለሰ ዕለት ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወጋ። ሚስቱ ቁርስ ስታቀርብ ግን «እዚያ ሽታው ራሱ ያጠግበኛል» ብሎ ወጣ።

ክሬም እየመታ ሳለ እጁ ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቀው፤ ልቡ ይደልቅ ጀመር። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«መጣ» አለ።

«ማን መጣ?» አለች ታላቅ እህቱ። የኬክ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ናት።

«ያ ልቤን የያዘኝ ነዋ! አለቀልኝ። ለልጆቼ እናት ንገሪያት።»

«ቁርስ በልተሃል?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። እህቱ የስኳር መለኪያውን ከኪሱ አውጥታ ጣቱን ወጋች። ቁጥሩ በጣም ወርዷል። ሮጣ ስኳር በውሃ በጥብጣ መጣች።

«ጠጣ!»

ጥርሱን ነከሰ። «ልትገድይኝ ነው? ከሚስቴ ጋር መከራችሁብኝ?»

«አንተ ልጅ! ስንከለክልህ እየሰረቅክ ስትልስ ኖረህ፣ ዛሬ ስንለምንህ ትኮራብናለህ?»

«እኔን የጣለኝ እኮ ስኳር ነው!»

«ዛሬ የጣለህ እጦቱ ነው። ጠጣ ብያለሁ!»

የታላቅ ቁጣ ነውና ጠጣ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ለቀቀው። እንደገና ስትለካው ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ዳቦ አስበላችው። እንዲያም ሆኖ የልብ ነገር አይታመንም ብላ፣ ታክሲ አስጠርታ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ሚስቱ ስልክ ሰምታ ግራና ቀኙ የማይገጥም ጫማ አድርጋ ደረሰች።

ሐኪሙ ደሙን አስመረመረ፤ ልቡንም በመሣሪያ አየ። ሦስቱም የሐኪሙን ፊት ያያሉ።

«ልብህ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «ኢንሱሊን ተወግተህ ሳትበላ ወጥተህ፣ ስኳርህ ወርዶ ነው።»

«ሥራዬስ?»

«ትሠራለህ። በልተህ ነው ታዲያ!»

ሚስቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እንባዋ ቀደመ፤ ወዲያው ሳቋ አመለጣት። «የኬክ ሠሪ ሚስት ሆኜ፣ ባሌ በረሃብ ሊሞትብኝ ነበር ብዬ ለማን ላውራ?»

«ለማንም አታውሪ» አለ ጋሽ ክሬም፤ እሱም እየሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ እንኳ ደረቱን በእጁ ይደግፍ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ።