አስቀድሜ ያሰብኩት ንስሐ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ከሚገኘው ቤቴ ወሰዱኝ። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ከጭቃ ጠርገው ነው የገቡት። የሚፈልጉት ትልቁን ልጄን ነበር። ለሥራ ወደ አርጆ ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ጫካ ገብቷል ይባላል። እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ።

የሰባት ዓመት ልጄን ለጎረቤቴ ሰጥቼ፣ ነጠላዬንና የጸሎት መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ። መጽሐፉን ጣቢያው በር ላይ ወሰዱብኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ከእኔ ጋር አስር ሴቶች ሆንን። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መነጋገር አይቻልም። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ «አካም ቡልቴ፣ ነይ እዚህ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉኝ በኋላ ከምንጣፋቸው ጥግ ለቀቁልኝ። ከጊምቢ በኩል የመጡ ፕሮቴስታንት ናቸው። ሁሉም እናት ለማለት «አዴ» ይሏቸዋል።

ምግብ የሚመጣው ከየቤታችን ነው። የሚመጣላት ለማይመጣላት ታካፍላለች። ችግሩ ማን ያካፍል የሚለው ነበር። ጿሚዎቹ ቅቤ የነካው እንዳይቀላቀልብን እንሰጋለን፤ ሙስሊሞቹ የክርስቲያን ሥጋ ከምግባቸው እንዳይነካካ ይፈራሉ፤ የቀሩት ደግሞ «እነዚህ ለእምነት እህቶቻቸው ያዳላሉ» ይላሉ። ብዙ ከተጣሉ በኋላ ሁሉም የተስማሙባት አንዲት ሴት ነበረች። ከሚያዝያ ጀምሮ የታሰረች የሒሳብ መምህርት ናት። በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነውና «ባርሲስቱ» ይሏታል። የማንም ወገን አልነበረችም። ሲመዘግቧት ሃይማኖቷን ቢጠይቋት «የለኝም» ብላለች። ጸሐፊው ግራ ሲገባው «ሌላ ብለህ ጻፈው» አለችው አሉ።

በገባሁበት ቀን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እትዬ፣ ትጾሚያለሽ?»

«አዎ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ድርሻሽ በሰማያዊው ሳህን ተከድኖ ይቆያል። ቀድመሽ ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም። በኋላ እኔን ስትረግሚ መስማት አልፈልግም።»

ስትሄድ አዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይህች ልጅ ዋቃን ተቀይማ ነው። ፊቷን አላየሽም?»

አይቼ ነበር። ግንባሯ አይፈታም። ጠዋት ጠዋት በሩን እየደበደበች ስለ ውሃ ዘቡን ትቆጣለች። የሰው ሳሙና የወሰደችን ሴት ስትጮህባት ሁላችንም አንገታችንን ደፍተናል። ማታ ማታ ሁላችን እንደየእምነታችን ስንጸልይ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም ትላለች። አምላክን የተጣላ ሰው ልቡ እንዲህ ይመርረዋል ብዬ አመንኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከእጇ የመጣውን አልበላሁም፤ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ጾም ለማይጾም ሰው ምኑ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እህቷ ከአኖ ከተማ መጥታ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር በቅቤ ሰርታ አመጣችላት። ባርሲስቱ ጥጉ ላይ ብቻዋን በላች። ከዚያ ከቀኑ የመጠጥ ውሃ ድርሻዋ በኩባያ ቀድታ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ የጾሙን ሽሮ መጨለፊያም ለብቻው አለቀለቀች። ማንም እያያት አልነበረም። እኔም ያየሁት የተኛሁ መስሏት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በላሁ።

ከጾሙ በአስረኛው ቀን ጎረቤቴ ምግብ ስታመጣ በዘቡ በኩል ቃል ላከችብኝ። ትንሿ ልጄ እህል አልቀምስ ብላለች፤ በር በሩን እያየች ትውላለች። በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ።

ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ መጽሐፍ ቅዱስ አለ።

«እናቴ፣ አንቺ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነሽ። ያንቺ ቃል ይታመናል» አለኝ። «ያቺ መምህርት ጫካ ላሉት መልእክት እንደምትልክ ክፍል ውስጥ ስታወራ ሰምተሻል። ይህን በመሐላ ካረጋገጥሽ የትልቁን ልጅሽን ጉዳይ እኛው እናጣራለን። አንቺ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

«እንዲህ ስትል አልሰማሁም።»

«አስቢበት። እሷ እንደሆነች እግዚአብሔርን አታውቅም። በእሷ ላይ ቢመሰከር ማን ይቀየምሻል? ነገ ጠዋት ትምያለሽ፤ ከሰዓት ትንሿ ልጅሽ ጋ ነሽ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው። የትንሿን ልጄን ፊት አሰብኩ። ቀጥሎ የንስሐ አባቴን አሰብኩ። እምላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ልጄን አበላታለሁ፣ ከዚያ እግራቸው ሥር ወድቄ እናገራለሁ። ይቆጡኛል። ስግደት ያዝዙኛል። እሰግዳለሁ፤ ይፈቱኛል። ኃጢአቱን ሳልሠራው ቀኖናውን ጨርሼ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባርሲስቱ ሰማያዊውን ሳህን አመጣችልኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

«ምነው? ቅቤ አልነካውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። መርማሪው ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር። ሳህኑን መሬት አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጅቷ አሁንም አትበላም?» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው።

«አትበላም አሉኝ።»

«እና ምን አሰብሽ?»

«ንስሐ እገባለሁ ብዬ ነበር።»

«አስቀድመሽ?»

«አስቀድሜ።»

«ስንት ስግደት ያወጣል?»

«አንድ ሁለት መቶ ያዝዙኛል ብዬ ነው።»

ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። «እኔ በሁለት መቶ? ኧረ እትዬ፣ ቢያንስ አራት መቶ አድርጊልኝ።»

አዴ ከወዲያ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አሉ።

«ሒሳብ እያስተማርኳት ነው፣ አዴ።»

እኔም ሳቅሁ፤ ሳልጨርሰው ግን እንባ ቀደመኝ። በነጠላዬ ጠረግሁት። በትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ላይ እንድትመሰክር ጠይቀዋት እምቢ በማለቷ እስካሁን እንደቆየች ሴቶቹ ነግረውኝ ነበር። ስለዚያ ጠየቅኋት።

«ከላይ የሚያይሽ እንደሌለ ካመንሽ ለምን አልፈረምሽም?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ። ያሉትን አላደረገም። ያላደረገውን አደረገ ማለት አልቻልኩም።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም።»

«አዴ አንቺን እግዜርን ተቀይማለች ይሉሻል።»

«የለም የምለውን እንዴት እቀየማለሁ? የምቆጣው ውሃ በሚከለክለን ዘብ ላይ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ነው፤ ከእኔ ይብሳል፣ ቁጣው ጎረቤት ያስወጣል። እሱን አምላክን ተቀይሞ ነው የሚለው ሰው ግን የለም።»

ዝናቡ ጀመረ። ድምፁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ልጅ የለኝም፣ እትዬ» አለችኝ። «ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ማዪም አልልሽም፤ አትማዪም አልልሽም። አሁን ግን ብዪ፣ ሳህኑን እፈልገዋለሁ።»

በላሁ። እየበላሁ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ይህች ሴት የሚፈታት ካህን የላትም። ያደረገችው ሁሉ ከእሷ ጋር ይኖራል። እኔ ምሕረት እንዳለ ስለማውቅ ለመዋሸት ቀለለኝ፤ እሷ ምሕረት አልጠበቀችም፣ አልዋሸችምም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው እግዚአብሔርን ካልፈራ ምን ያግደዋል ስል ኖሬአለሁ። ያን ቀን መፍራቴ እኔን አላገደኝም።

ትልቁ ልጄ በሰላም አርጆ ሲሠራ ተገኘ። መንገዱ ሲከፈት ራሱ መጣ፤ ጠይቀውትም ለቀቁት። እኔ የወጣሁት ከመስቀል በኋላ ነው። ትንሿ ስታየኝ ሦስት ቀን አልቀረበችኝም፤ ከጎረቤቴ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታየኝ ነበር። ያ ዕዳ አሁንም ልቤ ውስጥ አለ። ባርሲስቱ ከእኔ በኋላ ተፈታ ሌላ ከተማ ታስተምራለች። በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች፤ የእኔን በዓል ቀን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች። እንደምጸልይላት ታውቃለች፤ «አይጎዳም» ትለኛለች። ለንስሐ አባቴ ሐሳቤን ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። ስንት እንደሆነ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም።

ደግነቷ ከፈጣሪ እንደሆነ አምናለሁ። ካላመንኩ እኔ አይደለሁም። ግን እርሱን የምጠራው እኔ ስወላውል፣ የማትጠራው እሷ ለምን ጸናች? ይህን ቆሜ ሳስቀድስ አስበዋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊዜም አለ። ቢሆንም በዚያ ክረምት ከእሷ ጋር ስላስቀመጠኝ አመሰግነዋለሁ።

ያን ዕለት ከባርሲስቱ ጋር በተነጋገርን ማግስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠሩኝ። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ነበር። መርማሪው መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ይህን አልሰማሁም» አልኩት።

«ትንሿ ልጅሽስ?»

«ባዶ ወረቀት ስጠኝ።»

ግራ እየገባው ሰጠኝ። ከመምህርቷ ጋር በቆየሁባቸው ቀናት እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር አልሰማሁም ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። አነበበው።

«ለከሃዲ ብለሽ ነው? እሺ፣ በዚህኛውም ላይ ማዪበት።»

«እውነት ነው፤ መሐላ አያስፈልገውም።»

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። መጽሐፉን ተሳለምኩና ወደ ነበረበት መለስኩት። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ዘብ ወደ ክፍሌ እንዲመልሰኝ ጠየቅሁት።