ጀልባ የምትመስለው አጥንት

ሊይዙኝ ሲመጡ ክፍል ውስጥ የጤና ተማሪዎችን እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ የእጅ አንጓ አጥንቶችን ስዬ፣ የመጀመሪያውን ስም፣ ስካፎይድን፣ ጽፌ ሳበቃ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጨዋ ነገር ነው፤ "መምህር፣ ለትንሽ ደቂቃ ይፈለጋሉ" አለኝ። በእኛ አገር ትንሽ ደቂቃ ምን ያህል እንደምትረዝም የማያውቅ ስለሌለ ተማሪዎቼ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወጣሁ። ጥፋቴ ከምርጫው በኋላ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነበር። ዛሬ ያንኑ ብናገረው ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።

ጣቢያው እዚያው አርባ ምንጭ ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር በወንፊት ሽቦ የተወጠረ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እየተንቋቋ ሙቀቱን አናታችን ላይ ያፈሰዋል። ከላብና ከሽንት ሽታ በላይ ያስመረረኝ ግን ከመንገድ ማዶ ካለው ምግብ ቤት የሚመጣው የዓሣ ጥብስ ሽታ ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይመጣል፤ ተረኛ ፖሊስ እንኳን እንደዚያ ሰዓት አያከብርም።

ክፍሉ ሙሉ ነበር። ከሁሉም የማልረሳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የዶርዜ ሸማኔ ነው፤ በቀበሌው የምርጫ ታዛቢ ሆኖ በመቀመጡ የተያዘ። ሌላው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ፣ ከኦቾሎ፣ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በምትኩ እሳቸውን ይዘው መጡ። ሁላችንም "አባባ" እንላቸዋለን።

ሸማኔውን ከፒካፕ ሲያወርዱት ገፍትረውት በቀኝ መዳፉ ወድቋል። ቀኝ እጁን በግራው ታቅፎ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አየሁለት። እብጠት አለው አይባልም። አውራ ጣቱን ወደ ላይ አስቀስሬ፣ ከሥሩ የምትፈጠረዋን ጎድጓዳ፣ ሱረት ወሳጆች ሱረታቸውን የሚያፈሱባትን ቦታ፣ በጣቴ ጫን ስላት ትንፋሹን ዋጠ። ሌላ ቦታ ነካሁት፤ ምንም አላለም። እንደገና እዚያችው ጎድጓዳ ላይ ጫን አልኩ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"አጥንት ሳይሰነጠቅ አይቀርም።"

"እሠራበታለሁ?"

"ካላነቃነቅኸውና ሐኪም ካየህ አዎ።"

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ሐኪም ካላየኝስ የሚለውን፣ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልመለስኩም። የመወርወሪያው መመላለስ የእጅ አንጓ ሥራ ነው። አንጓው የደረቀ ሸማኔ ለሌሎች ክር ከማዳወር ያለፈ ሥራ የለውም፤ እሱ ደግሞ ሚስትና ልጆች አሉት።

ሽማግሌው በመንደራቸው ወጌሻ ናቸው። ሲሰሙን ቆይተው ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ተጠጉ።

"ላሽለት" አሉ። "ቅቤ ባይኖርም በምራቄ ይሆናል።"

"አይታሽም፣ አባባ።"

"ለምን አይታሽም? አጥንት አይደለም እንዴ? እኔ ስንት ሰው እግር መልሻለሁ።"

"ይሄ ይለያል። ከታሸ ይብስበታል።"

"ስሟ ማን ነው?"

ስካፎይድ አልኳቸው፤ ሰሌዳው ላይ ጥዬው የመጣሁትን ትምህርት እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ስሙ ከድሮ ግሪኮች የመጣ ነው። ተፈልፍሎ ጎድጎድ ያለን ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ይጠሩት ነበር፤ ሊጥ የሚቦካበትን ገበቴ፣ ገንዳውን፣ ሕፃን የሚተኛበትን፣ ትንሿን ጀልባ። ሐኪሞቻቸው ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቅርጽ ባዩ ቁጥር "ጀልባ መሳይ" እያሉ ያንኑ ቃል ለጠፉበት። ላቲኖቹ ደግሞ በራሳቸው አፍ "ትንሽ ጀልባ" ብለው ተረጎሙት፤ በኋላ የላቲኑ ስም ለእግር አጥንት፣ የግሪኩ ለእጅ ተከፋፈለ። ጆሮ ላይም አለ፤ ከጆሮ ጠርዝ እጥፋት ሥር ያለችው ቦይ በዚሁ ቃል ትጠራለች። ሽማግሌው ጆሯቸውን ዳሰሱ።

"እንግዲያ ገበቴ ናት በለኛ" አሉ። "ጀልባ እኛ ምን እናውቃለን? ሐይቁን ከላይ ሆነን እናየዋለን እንጂ አንገባበትም።"

"እሺ፣ ገበቴ ትሁን። ደም የሚገባላት በብዛት በአንድ ጫፏ ነው። ወገቧ ላይ ከተሰነጠቀች ወዲያኛው ግማሽ ደም ያጣና ይሞታል።"

"ቦዩ ከላይ ሲናድ የታችኛው ማሳ እንደሚደርቀው።"

"ልክ እንደሱ።"

ሊያሹ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከሳሙና ካርቶን ቀድጄ፣ ከሸማኔው ጋቢ ጫፍ ሸርክቼ፣ አውራ ጣቱን ብርጭቆ የያዘ አስመስዬ አሰርኩት።

ሐኪም ማግኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ጠዋት ለተረኛው እነግራለሁ፤ የራስ ምታት ኪኒን ያመጣል። ከሰዓት ለሌላው እነግራለሁ፤ "ያቺን ኪኒን አልዋጠም እንዴ?" ይላል። በመጨረሻ ኢንስፔክተሩ አስጠራኝ። ከሌላ አገር የተዛወረ፣ ሸሚዙን በደንብ የሚያስተኩስ ሰው ነው።

"ሰውዬው ምኑን ነው የተሰበረው?" አለኝ።

"ስካፎይድ የሚባል አጥንት።"

"የምን ቋንቋ ነው?"

"የግሪክ።"

"በግሪክ የሚሰበር ሸማኔ ዛሬ አየሁ" አለና በሳቅ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ንዴቱ ምሳ አላስበላኝም። ያወቅሁትን ሁሉ ይዤ አንድ በር ማስከፈል አቃተኝ።

የሆነውን ለሽማግሌው ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"መሰበሩ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አባባ።"

በማግስቱ ጠዋት ለሽንት ስንወጣ ሽማግሌው ከቧንቧው ሥር የበቀለውን እርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ይዘው ኢንስፔክተሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የተቆጣ ይቆማል፣ ዱላ ያነሳም ያወርዳል። እሱን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ሰውን፣ ቤቱንና ከብቱን እየተከተለ የሚያጠፋ ነውር። ሁለቱ የአገሩ ልጆች የሆኑ ፖሊሶች ባሉበት ቀጥ አሉ። አንዱ ቆቡን አወለቀ።

ኢንስፔክተሩ ወጣ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ጌታዬ፣ ሣር የያዙ ሽማግሌ አይታለፉም" አለው ቆቡን ያወለቀው።

"ምን ፈልገው ነው?"

"ያንን ሸማኔ ሐኪም ይየው ነው የሚሉት።"

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ፖሊሶቹን ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርጎ አየ። "ውሰዱትና ራጅ ይነሳ" አለ። ሽማግሌው እስኪነሱ ድረስ ግን ከበሩ አልፎ አልሄደም።

ያን ቀን ክፍሉ ሠርግ ቤት ሆነ ማለት ይቻላል። ሸማኔው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከኋላው ኢንስፔክተሩ ነበር፤ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ያኔ የመጀመሪያው ነው።

"የግሪኮቹ አጥንት ደህና ናት" አለኝ። "ራጁ ምንም አላሳየም። ያንን ጨርቅ ፍቱለት።"

ይህ አጥንት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። የተሰወረ ምስጢር አይደለም፤ መጽሐፍ ላይ ያለ፣ እኔም ተማሪዎቼን የፈተንኩበት ነገር ነው። ጎድጓዳዋ ካመመች ራጁ ባያሳይም ታስሮ ይቆያል፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይነሳል። ይህን እየተጣደፍኩ አስረዳሁ። ስጣደፍ ደግሞ ውሸታም እመስላለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ዕዳዬ ነው። ኢንስፔክተሩ እስክጨርስ እንኳን አልቆመም። ፖሊሱ ማሰሪያውን ፈቶ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ውጭ ገፋው።

ሽማግሌው ጠጋ አሉኝ።

"ራጁ ምን አለ?"

"አላየም።"

"አላየም ነው ወይስ የለም?"

"አላየም፣ አባባ። ገና ነው፤ ቆይቶ ይታያል።"

"እኔ ግን ሣር ይዣለሁ" አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ረግጦ ማለፍ ጎሜ እንደሆነ ሁሉ፣ በሐሰት ሣር ይዞ መንበርከክም ጎሜ ነው። እኔ አንድ ቃል ብናገር ተመራማሪ እባላለሁ፤ ብሳሳት ይቅርታ ጠይቄ አልፋለሁ። እሳቸው ግን በእኔ ቃል ስማቸውን በሙሉ አስይዘው ነበር።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከእኔ ጋር መነጋገር ተዉ፤ ምግብም አልቀምስ አሉ። ነጠላቸው ተገልጦ በጀርባቸው ተኝተው ሳይ ሆዳቸው ከጎድናቸው በታች ሰምጦ ነበር። ሐኪም እንደዚያ ያለውን ሆድም በዚያው ቃል ይጠራዋል፤ ጀልባ መሳይ ሆድ። ቃሉ ሳልጠራው ወደ አእምሮዬ በመምጣቱ በራሴ ተናደድኩ። ሌላም ታሪክ አለው፤ በጥንት ዘመን ሰውን በሁለት ጀልባ መካከል ገጥመው አስረው ለዝንብና ለፀሐይ ይተዉት ነበር ይባላል፤ የቅጣቱ ስም ከዚሁ ቃል ይወጣል። ያንን በዚያ ክፍል ለማንም አላወራሁም።

ሸማኔው የተፈታው እጁን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አውራ ጣቱን እኔ እንዳሰርኩት አድርጎ ይይዘው ጀመር። ያለ ካርቶን፣ ያለ ጨርቅ፤ በገዛ ፈቃዱ ብቻ። ተኝቶም ላለማንቀሳቀስ ከጎኑ የሚተኛውን ሰው ቦታ አስቀየረ። ፖሊሱ "ራጁ ደህና ነህ ብሎሃል፣ አውርደው" ሲለው "ይሁን" ይላል፤ አያወርደውም።

የቸገረው መብላቱ ነበር። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ በግራ እጅ ከሰው ጋር ትሪ ውስጥ መግባት ደግሞ ያሳፍራል። ሁላችንም "ብላ፣ ማን ያይሃል" ብንለውም ከትሪው ይርቃል፤ የተረፈውን ጥግ ላይ ሄዶ በግራው ይለቅማል። ቀኙን እንዳይጠቀም የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሲርብ ማየት ግን ከበደኝ።

አንድ ቀን ከአንዳችን ቤተሰብ ኩርኩፋ፣ ከጎመን ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ድብልብል፣ መጣ፤ የበቆሎውና የጎመኑ እንፋሎት ክፍሉን ሞላው። ሽማግሌው ከግድግዳው ዞሩ። ተነሥተው እጃችንን አስታጠቡን፤ ከትሪው አንድ ድብልብል አንሥተው፣ በልኩ ዳጣ፣ የቃሪያ ማባያውን፣ አስነክተው፣ ጥግ ወደተቀመጠው ሸማኔ ሄዱ።

"ክፈት" አሉት።

ጎረሰ። ሁለተኛ አመጡለት፤ ሦስተኛ። ከዚያ እሳቸውም ከቀናት ጦም በኋላ አንድ ጎረሱ።

"አባባ፣ አመኑኝ ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም" አሉኝ። "ሣሩን የያዝኩት ግን ለዚህ እጅ ነው። እጁ እስኪታወቅ አበላዋለሁ።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስክንፈታ ድረስ ሸማኔውን በየማዕዱ አጎረሱት። የሚስቅ አልነበረም።

ሳምንታት ቆይተን ያለ ክስ፣ ያለ ማብራሪያ ተለቀቅን። ሸማኔውን በቀጥታ ወደ ሌላ ሐኪም ወሰድኩት። ራጁ ሲወጣ በአጥንቷ ወገብ ላይ ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ጀሶ እያዘጋጀ "እንዴት ሳይንሸራተት እንዲህ ቆየ?" አለን። ሸማኔው "ሰው አበላኝ" አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ራጁን ይዘን ሁለታችንም ኦቾሎ ወጣን። ሽማግሌውን ቤታቸው አገኘናቸው። ሚስታቸው ቀስ ብለው እንደነገሩን፣ ከተፈቱ ወዲህ ወደ ዱቡሻው፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደሚመክሩበት አደባባይ፣ ሄደው አያውቁም። ማንም አልከለከላቸውም። ራሳቸውን ነው የከለከሉት።

ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቼ መስመሩን አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ራጁን ከእጄ ወስደው ወጡ፤ እኛም ተከተልን።

ዱቡሻው ላይ ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ቆመው በጋሞኛ ተናገሩ። ሸማኔው በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ "ሣር የያዝኩበት ነገር ይሄ ነው፤ እዩት።" ራጁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዳቸው ወደ ሰማይ እያነሱ አዩት፤ ገልብጦ ያየም ነበር። ሲጨርሱ አንደኛው ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ተቀመጡ።

ሸማኔው ዛሬም ይሠራል፤ ደጋው ሲበርድ አንጓው ትንሽ ይጠጥርበታል። እኔም ወደ ሰሌዳዬ ተመልሻለሁ። እዚያች አጥንት ላይ ስደርስ ስለ ገበቴው፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ጆሮው አወራለሁ፤ ተማሪዎቼ "ፈተና ላይ ይመጣል?" ይሉኛል። ራጁ ሽማግሌው ዘንድ ቀረ፤ እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኋቸውም። እኛን ግን ከያዙን ሰዎች መካከል ጠርቶ ያስቀመጠን፣ "ተሳስተን ነበር" ያለን ማንም የለም። አልጠብቅም ብል እዋሻለሁ። እጠብቃለሁ።