በኮሮናው ዓመት የቀረው ደቦ

አንዳርጋቸው የጋዙን ጎማ ጫፍ በጨርቅ ጠረገ፤ ከምድጃው ጋር አገናኘና ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቀ። የጋዙን ቧንቧ ከፍቶ መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው አልተነፋም፤ ጋዝ አያፈስም ማለት ነው። የምድጃውን መክፈቻ አዙሮ ክብሪት ጫረ። ምድጃው ሰማያዊ ነደደ።

የቤቱ ልጅ ሰርካለም ፊቷን አዞረች። «እማዬ ሳታየው!» አለችና አለቀሰች።

አንዳርጋቸው በወሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የባዮጋዝ ጉድጓድ የሚገነባ ግንበኛ ነው። ኮሮና ሲገባ ብዙ ሥራ ቢቆምም የመንግሥት የባዮጋዝ ሥራ እንዲቀጥል ተወሰነ። እሱም አፍንጫና አፉን ሸፍኖ የሰርካለምን እናት፣ የእማማ አመተ ማርያምን ጉድጓድ ገንብቶ ጨረሰ። የማገዶ ጭስ ደረታቸውን ጎድቶት ስለነበር እንዲሠራላቸው አጥብቀው የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ጉድጓዱ ግን መጀመሪያ በእበት ካልሞላ ጋዝ አይሰጥም። ድሮ መንደሩ በደቦ ተጠራርቶ ይሞላው ነበር። በኮሮናው ጊዜ ግን መሰብሰብ ስለተከለከለ እናትና ልጅ ብቻቸውን በቅርጫት ሲያመላልሱ ከረሙ።

«አንተ አንዳርጌ፣ ግንቡን ሠርተህ እሳቱን ረሳኸው?» ይሉት ነበር እማማ፣ በሳላቸው መሃል እየሳቁ።

«ትንሽ ይታገሡኝ እማማ፤ ሲሞላ ይነድዳል።»

ጉድጓዱ ሳይሞላ እማማ አረፉ። ክልከላው ሲነሣ ጎረቤቱ ወጥቶ የቀረውን በአንድ ጠዋት ሞላው።

አንዳርጋቸው ካቻቢቴውን ወደ ሣጥኑ እየመለሰ፣ ታሪኩን ልጽፍ ለመጣሁት ለእኔ እንዲህ አለኝ፦ «ለሚያነቡት ጻፍልኝ። እንዲያ ያለ ጊዜ ዳግም ቢመጣ፣ ደቦው ቢቀርም እበቱ አይቅር። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቅርጫት ከጎረቤታችሁ አጥር ሥር አስቀምጣችሁ ሂዱ። አደራ።»