የቀርከሃ ቀለበት ያጠለቀው ኮምፒውተር

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይኸን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አወራለሁ፣ እሷ ጣቷን ታስሮጣለች። ስለሷ ደግ ደጉን ስናገር «እምዬ፣ ይኸስ ይቅር» ትለኛለች። አይቀርም አልኳት። ዛሬ አንቺ እጅ ነሽ፣ አፉ እኔ ነኝ።

እንጅባራ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ጽሑፍ ትተይባለች፣ ኮፒ ታነሣለች። ይኸ የማወራው ነገር ሲሆን የከተማው ዩኒቨርሲቲ ገና ግንቡ እየቆመ ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና አንዲት አሮጊት፤ የሱቁ ዕቃ ይኸው ነው። የኔ ሥራ በር ላይ ተቀምጦ ሰው ማስቆም ነው። «ና እስቲ አንተ፣ ማመልከቻ የቸገረህ ትመስላለህ» እላለሁ። ሰው ሲስቅ እግሩ ይቆማል፤ እግሩ ከቆመ ደግሞ የሚጻፍ ነገር አያጣም።

ልጅቱ አንድ ሕግ አላት። ፍላሽ የሚሏትን፣ ጣት የምታህለውን ነገር፣ ሳትመረምር ማሽኑ ላይ አትሰካም። ሰው «ቸኩያለሁ» ቢላትም አትሰማም። ለኔም ቪዲዮ መክፈት ስታስተምረኝ «እምዬ፣ እዚህ ውስጥ ያለውን እንደፈለግሽ እዪ። ፍላሽ ግን እኔ ሳልኖር እንዳትሰኪ» ብላኛለች። እሽ ብያለሁ። እሽ ማለት አይከብደኝም።

በጥር ዳንግላ፣ ታናሽ ወንድሜ ልጁን ሲድር ሄድኩ። ይኸ ወንድሜ ስድሳን አልፏል፤ ጉልበቴን ወገቤን ሲል ነው የሚውለው። ሙሽራው ሲወጣ ግን ፈረስ ላይ ዘሎ ወጣ አሉ። ሲጋልብ ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደበት፤ ፈረሱን አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይወርድ ከመሬት አነሣት አሉ። አሉ የምለው ስላላየሁ ነው። እኔ ያን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከአንዲት አማት ጋር በወጥ ጨው ስከራከር ነበርኩ።

የወንድሜ ልጅ «አይዞዎት፣ ተቀርጿል» ብሎ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ አስቀድቶ ሰጠኝ። በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ መጣሁ። በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ ልጅቱ ወረቀት ልትገዛ ወጣች። ጨርቁን ከማሽኑ ላይ ገለጥኩና ሰካሁት። አንዲት ትንሽ ነገር ብቅ ብላ ፊደል ደረደረችብኝ፤ ትጠይቀኛለች መሰለኝ። ዕድሜ ልኬን የማላነበው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመጣውን ነካሁት። ወንድሜ ብቅ አለ። ጋለበ። ባርኔጣዋን አነሣት። አምስት ጊዜ አየሁት፤ ከዚያ ፍላሹን ነቅዬ፣ ቋጥሬ፣ ጨርቁን እንደነበረ መለስኩት። ልጅቱ ስትመጣ እንደ ጻድቅ ነበር የተቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ አንድ መምህር መጣ። ልጅቱን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማራት ነው። ሦስት ክረምት ባሕር ዳር እየተመላለሰ ሲማር ቆይቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ሰኞ ማስገባት ነበረበት። ማክሰኞ እኛ ዘንድ መጥቶ ልጅቱ ጥቂት ገጽ አስተካክላለታለች። አሁን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባዶ ነው» አላት። «ፍላሼ ባዶ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም።»

ፍላሹን ተቀብላ ዞር ዞር አደረገችው፤ የራሷን ማሽን ስትመረምር ቆየችና እጇን ከፊደል ሰሌዳው ላይ አነሣች።

«ቲቸር» አለችው፣ «ማሽኔ ታሟል። ቫይረስ ገብቶበታል። ከኔ ነው የያዘብዎት።»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። ሰው የተከፋበት ቦታ አይጠፋም። «ኧረ አንቺ ልጅ» አላት፣ «በምን ታውቂያለሽ? መምህሩ በትምህርት ቤቱም ማሽን ሰክቶት ይሆናል። ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ላመጣው ነገር ባለቤቱ ምን ያድርግ? በረዶ እህልሽን ቢመታው ማንን ትከሻለሽ?»

መምህሩ ወደሷ ዞረ። እውነትም ሰኞ ትምህርት ቤትም ሰክቶት ነበር፤ ማክሰኞ ሲመጣ ነግሯታል። እሽ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አይደለም» አለች። «ትምህርት ቤት የሰኩት ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ እዚህ ስከፍተው ጽሑፉ ነበር። የማሽኑም ክትባት፣ አንቲቫይረሱ፣ ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል። ኔትወርክ የለም እያልኩ ተኛሁ። ባሕር ዳር ወስጄም ቢሆን ማደስ ነበረብኝ።»

«ማን አስገባው ታዲያ?» አለ ልብስ ሰፊው።

ያን ጊዜ ዐይኗ ወደኔ መጣ። ፊቴን አላየችም፤ ሻሼን ነው፣ ቋጠሮውን። ሦስት ቀን ሙሉ ፈትቼ አላነሣሁትም ነበር። አወቀች። ወዲያው ዐይኗን ወደ መምህሩ መለሰችና «ማን እንደሰካው ምን ያደርግልዎታል? ማሽኑ የኔ ነው፤ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው» አለችው።

እኔ በቀልድ የማላልፈው ነገር የለም። ያችን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

«መምህር» አልኩት፣ «እስቲ ተቀመጥ። አንተም ሰፊው፣ ሜትርህን ያዝ አድርገህ ስማ።»

ያደግሁት ዘንገና ሐይቅ ግድም ነው። አባቴ ፈረስ ነበረው። አንድ ጊዜ እግሩ ላይ ቁስል ወጣበት፤ ከፈረስ ፈረስ የሚተላለፍ ቁስል። እኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ ቀርከሃ ሰንጥቆ ቀለበት ይሠራና ፈረሱ አንገት ላይ ያጠልቃል። ያን ያየ ፈረሱን አያስጠጋም። የታመመው ውኃ የሚጠጣው መጨረሻ ነው፤ ያውም ከሁሉ በታች። አባቴ ቀለበቱን አጥልቆ አልተቀመጠም። በዚያ ሳምንት ከፈረሱ ጋር የዋለ ፈረስ ወዳለበት ቤት ሁሉ እየዞረ «ፈረሴ ታሟል፤ ያንተንም እግሩን እይለት» ሲል ዋለ። አንዱ ጎረቤት ፈረሱ ሞተበትና አባቴን ሽማግሌ ፊት አቆመው። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። መቼ አወቅህ? ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ? ባላወቀበት ቀን ለደረሰው አልፈረዱበትም።

«ፈረስ ነፍስ አለው፤ ይኸ ብረት ነው» አለ ሰፊው።

«ነፍስ የሌለው ከሆነማ ጠባቂ ይብስ ያስፈልገዋል። ፈረስስ ሲያመው አንገቱን ይደፋል» አልኩት። ከዚያ ሻሼን ፈታሁና ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይኸውና፤ በሽታውን ከዳንግላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የወንድሜን ባርኔጣ ልይ ብዬ ነው። እሷ አትስኪ ብላኛለች።»

መምህሩ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «እማማ» አለኝ፣ «ሦስት ክረምት ነው እኮ።» በቁጣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነው መናገር የምፈልገው። ልጅቱ «እምዬ፣ ቆይ» አለችና የሱቁን በር መለስ አደረገች። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣበት። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ምን ይላል አልኳት። «ማሽኔ ታሟል። ከሰኞ ወዲህ እዚህ ፍላሽ የሰካችሁ ተመለሱ፤ በነፃ አጸዳላችኋለሁ ይላል» አለችኝ። ሰፊው «ገበያሽን በገዛ እጅሽ ቀበርሽው» አላት። እሷ የወረቀቱን ጥግ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አጣበቀች።

ንጹሕ ላፕቶፕ ከጓደኛዋ ተዋሰች። ላፕቶፑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ ነጫጭ ፊደል እየጻፈች የመምህሩን ፍላሽ ያዘችው። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ቫይረሱን በአገውኛ እረግማለሁ፤ አማርኛ ሲጻፍበት የዋለ ስለሆነ ለምዶታል ብዬ ነው። በኋላ «ቲቸር፣ አልጠፋም» አለች። «ደብቆት ነው።» ገጹ እየተከታተለ ብቅ አለ። መምህሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። የመጨረሻው ክፍል ግን ተበላሽቶ ነበር፤ ትንንሽ ሳጥን ብቻ ሆኗል። ዐርብ ቀኑን ሙሉ እሱ ከማስታወሻው እያነበበ ሲነግራት፣ እሷ ስትጽፍ ዋለች። ምሳ እኔ አጎረስኳቸው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ወደ ማታ ሲጨርሱ «ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምርሽ እንዲህ ዝም ብለሽ ሰምተሽኝ አታውቂም» አላት።

ቅዳሜ ወረቀቱን አይተው ያልመጡትን ፍለጋ ወጣን። በሐሳቧ ይዛቸዋለች፤ አንዱ ጥሊሊ ከተማ ያለ የቀበሌ ጸሐፊ፣ አንዷ እዚሁ ባጃጅ የማያስገባው ጭቃ ሰፈር ያለች ተማሪ። እኔ አልቀርም አልኩ፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። ጥሊሊ ከሚኒባስ ስንወርድ ፊት ፊት እየሄድኩ «ከእንጅባራ በሽታ ይዘን መጥተናል፤ ፍላሻችሁን አውጡ» ስል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አማተበች። ጸሐፊው መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ልጅቱ ስትሠራ ቁጭ ብሎ አየና «ሰኞ ቢሮ ልሰካው ነበር። ሌላ ቢሆን ማን ይነግረኛል?» አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» ብቻ ነው ያለችው። ይቅርታ ስትል እንኳ እጇ ሥራውን አይለቅም።

ስንመለስ ከመንገድ ዳር የተሰነጠቀ ቀርከሃ አነሣሁና ቀለበት ሠራሁ። የራሷ ማሽን ገና አልዳነም ነበር። «ወረቀትሽ ለሚያነብ ነው። ይኸ ለኔ ቢጤው» ብዬ ማሽኑ ላይ አጠለቅሁት። ሳቀች፤ ግን አላወለቀችውም።

ማክሰኞ ማሽኑ ድኖ ነበር፤ ልጅቱ ወረቀት ልትገዛ ወጣ ብላለች። መምህሩ ከባሕር ዳር ተመልሶ፣ ጽሑፉን አስገብቶ፣ ሌላ ማመልከቻ በፍላሽ ይዞ መጣ። እኔን አልፎ ገባና ቀለበቱን ሲያይ ደርቆ ቆመ፤ ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሳት።

«ገና አልዳነም?» አለኝ።

«ድኗል። ማውለቁን ረስተን ነው፤ አንተው አውልቀው።»

«የለም» አለ፣ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ባለቤቷ ትምጣና ታውልቀው።»

እስክትመጣ የወንድሜን ባርኔጣ ነገር አወራሁለት።