በቆርቆሮው ላይ የደፋሁት ውሃ

የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዘፈኑን መሃል ላይ ሲያቋርጥ መብራት መሄዱን እናውቅ ነበር። ያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። ግንቦት ነው፤ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም። እህቴ ከወለደች ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ድሬዳዋ እህቴ ቤት እኖር ነበር። ባሏ ፋብሪካ ይሠራል፤ የዚያን ሰሞን የቀን ተረኛ ነው። እህቴን የምታርሳት አክስታችን ከደጋ መጥታለች።

አክስቴ አራስና ሕፃን ነፋስ እንዲነካቸው አትፈልግም። መስኮቱን ዘግታ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋ፣ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ታስተኛዋለች። የራሷን የመጀመሪያ ልጅ ብርድ ነው የገደለባት፤ ስለዚህ ማንም አይከራከራትም። የእህቴ ባል በስንት ልመና ማራገቢያ አስፈቀዳት፤ እሱንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። ከግድግዳው ተመልሶ በሚመጣው ነፋስ ነበር የምንተነፍሰው።

ማራገቢያው ሲቆም ቆርቆሮው ሙቀቱን ቁልቁል ይለቀው ጀመር። ሕፃኑ መጀመሪያ አለቀሰ። ቆይቶ ማልቀሱንም ተወ። ጡት ሲሰጡት አፉን አይከፍትም። ፊቱ ቀልቷል፤ ግንባሩን ስነካው ያቃጥላል።

«እሳት ሆኗል» አለች እህቴ። «መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተውስ?»

«ነፋስ ልታስመቺው? ይልቅ ጋቢውን ሳብ አድርጊለት፤ ሲያልበው ይለቀዋል።»

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። እንኳን አክስቴን ልቃወም፣ ቦኖ ላይ ተራዬን የወሰደችብኝን ልጅ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ባልዲ አንስቼ ወጣሁ። የግቢያችን ጎረቤት ትልቅ ሴት፣ ኦሮሞ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላት፣ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

«ልጁስ?» አለችኝ።

«ጠቅልለውታል። አይጠባም።»

«ያ ረቢ! እኛ ፍየል እንኳን በዚህ ሰዓት አንዘጋበትም። ንገሪያት እንጂ!»

«አልችልም።»

«አፍሽ ታዲያ ለጌጥ ነው?»

ሚያዝያ ላይ ለአጭር ጊዜ ዘንቦ ቤቱ እስከ ማታ ቀዝቅዞ እንደቆየ ትዝ አለኝ። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ለሁለት ቀን ከቦኖ ያመላለስነው ውሃ በርሜል ውስጥ ነበር። ያሰብኩት ሲገባት አዴ ተነስታ እየቀዳች አቀበለችኝ፤ እኔ መሰላሉ ላይ ቆሜ ቆርቆሮው ላይ ደፋሁት። ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ እንፋሎት ፊቴን መታኝ።

ሦስተኛው ባልዲ ላይ አክስቴ ከውስጥ «ዝናብ! ልብሱ! የልጁ ልብስ!» እያለች በሩን በርግዳ ወጣች። ገመዱ ላይ ያሰጣችውን የሕፃኑን ጨርቅ በሩጫ ሰብስባ ቀና አለች። ደመና የለም። ከዚያ እኔን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?»

አዴ መለሰችላት።

«የደጋ ዝናብ ነው። አንቺን ፍለጋ መጥቶ ነው።»

አክስቴ አልሳቀችም። በሩ ግን ከኋላዋ እንደተከፈተ ቀርቷል። እህቴ ጋቢውን ገፍፋ ሕፃኑን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰው ጀመር። አክስቴ ልብሱን እንደታቀፈች ደጃፉ ላይ ቆመች። አልገባችም፤ አልዘጋችም። እኔ መድፋቴን ቀጠልኩ። በርሜሉ ሊያልቅ ሲል ሕፃኑ አለቀሰ። ወዲያው ድምፁ ተቋረጠና ሁላችንም ወደ ውስጥ ዞርን። እየጠባ ነበር።

መስኮቱ አክስቴ አገሯ እስክትመለስ ድረስ እንደተዘጋ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የቀበሌው ዘፈን በተቋረጠ ቁጥር ባልዲውን ከመሰላሉ ሥር አድርጋልኝ ትገባለች። ውሃው መንጫጫት ሲጀምር «ልብስ ላስገባ» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ትወጣለች፤ ገመዱ ላይ ምንም ባይኖርም።